የስምንት ወታደር ወንፈል

ደስታው በሕይወቱ ሙሉ የሰው ቀን በልቶ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ደጋግሞም ነው የሚናገረው። ሚስቱ ጸሐይ ሠላሳ ዓመት ስለሰማችው፣ እሱ አፉን ሲከፍት እሷ ትጨርስለታለች።

ከቡለን ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ ባለችው በዚያች መንደር፣ ወንፈል ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ አንተ መጥተህ የኔን ሰሊጥ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ መጥቼ ያንተን አጭዳለሁ። ቀን በቀን ይመለሳል፣ አለቀ። ደቦ ሌላ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ወጥ ይሠራል፣ የመጣውን ሁሉ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የሰዉ ድካምም በዚያው ይካሳል። ወንፈል ግን በወጥ አይካስም። ደስታው አንድ ጊዜ እግሩ እንደ ቅል አብጦ ሳለ፣ በአህያ ተጭኖ ሄዶ ቁጭ ብሎ ያጨደ ሰው ነው። ያን ቀን ያጨደው ከሰሊጡ ይልቅ የገዛ ሱሪውን ነው ይላሉ። ይህን ክፍል እሱ አያወራም።

እንግዲህ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ገባ። መተከል ክፉኛ የታመሰበት ዓመት ነው። ትናንት በሬ ሲዋዋስ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ጎረቤቱን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። የደስታው ጎረቤቶችም ሽናሻው ከአማራው ጋር ጓዛቸውን በአህያ ጭነው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ቻግኒ ወጡ። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ደስታው፣ ጸሐይና አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ናቸው። ዶሮው የጎረቤታቸው የዋኘው ነው፤ አልያዝ ብሎ ነው የቀረው።

"እንሂድ" አለች ጸሐይ።

"ሰሊጡስ?"

"ሰሊጡ ገደል ይግባ!"

"ገደል ቢገባማ ወርጄ አመጣው ነበር" አለ ደስታው። "የሚረግፈው እኮ እዚሁ ነው።"

እውነቱን ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ፍሬ የያዘው ቆብ ከላይ ይከፈትና ነፋስ በነካው ቁጥር ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ሁለት ሄክታር ሰሊጥ ሁለት ሰው ብቻ ቢያጭደው፣ ግማሹን የሚበላው ምድር ነው።

በዚያው ሰሞን ስምንት ወታደሮች መጥተው ከማሳው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ሰፈሩ። አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ምስጋና የሚባል፣ ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ቁጡ ለመምሰል የሚደክም ሰው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ባልና ሚስቱ ጎብጠው ሲያጭዱ አያቸው። በሦስተኛው ቀን ወረደ።

"አባት፣ ይሄ ሰሊጥ እይታ ጋርዶናል። ነገ ልጆቹ ያጭዱልሃል" አለ፤ ደግ እንዳይመስል ፊቱን አጨፍግጎ።

በማግሥቱ ስምንቱም ወረዱ፤ ሃምሳ አለቃውም ጭምር። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ስለነበሩ ማጭድ ሲጨብጡ እጃቸው ሥራውን አልረሳውም። ከእዩኤል በቀር። እዩኤል የሃያ አራት ዓመት ረጅም ወጣት ነው፤ እናቱ ባምባሲ አጠገብ ታርሳለች፣ እሱ ግን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጦር ካምፕ የገባ ነው። የታጨደ የሰሊጥ እስር ቆሞ መወሰድ እንዳለበት ማንም አልነገረው። እሱ ቁልቁል ዘቅዝቆ ትከሻው ላይ ያነግትና፣ እያፏጨ ከማሳው እስከ ክምሩ ይሄዳል። በሄደበት ሁሉ ሰሊጡ እንደ ዶፍ ይወርዳል። በአራተኛው ምልልስ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ተሰልፎ ከኋላው ይከተለው ጀመር። የዋኘው አውራ ዶሮም መጨረሻ ላይ ነበር።

"አንተ ሰው!" አለ ደስታው አናቱን ይዞ። "እያጨድክልኝ ነው ወይስ እየዘራህብኝ?"

ያም ሆኖ ጀንበር ሳትጠልቅ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በየክምሩ ቆመ። እንዲደርቅ ሁለት ሳምንት መቆየት ብቻ ነው የቀረው። ወታደሮቹ የራሳቸውን ኮቾሮ ቆርጥመው፣ ጸሐይ የቀቀለችላቸውን ዱባ በልተው ወደ ጉብታቸው ወጡ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ደስታው ምግቡን ሳይነካ ተቀመጠ።

"ምን ሆንክ?" አለች ጸሐይ።

"ስምንት ቀን አለብኝ።"

"የምን ስምንት ቀን?"

"የወታደሮቹ ነዋ። ወንፈል።"

ጸሐይ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች። "ደቦ ነው እንጂ! አብልቻቸዋለሁ።"

"ዱባ ድግስ ነው?"

"ሦስት ዱባ ነው የቀቀልኩት!"

"ሠላሳም ቢሆን ዱባ ነው። ጠላ ነበር? አልነበረም። ዘፈን ነበር? አልነበረም። ጠላ የሌለው ደቦ በየት አገር ነው ያየሽው?"

"እሺ፣ ለራሳቸው ነው ያጨዱት። እይታ ጋረደን አላሉም?"

ይህች ትንሽ ነካችው። አገጩን እያሸ አሰበ። "ለእይታ ቢሆን ቆርጠው ይጥሉት ነበር" አለ በመጨረሻ። "አስረው ያቆሙት ለኔ ነው።"

ጸሐይ ያላየችው ነገር ነበር። ደስታው በየጧቱ ከቤቱ ወጥቶ የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ ያያል። የማን ማሳ ሄዶ እንደሚያጭድ፣ ማን ወደ እሱ ማሳ እንደሚመጣ የማያውቅበት መኸር ይህ የመጀመሪያው ነው። መንደር ማለት ለሱ ጎጆው አይደለም፤ ቀን የሚዋዋሰው ሰው ነው። ስለዚህ ስምንት ቀን አለብኝ ሲል ፊቱ የተጨነቀ መሰለ እንጂ ልቡ ደስ ብሎት ነበር። ማጭዱን ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ።

"አይሆንም አባት" አለ ሃምሳ አለቃ ምስጋና። "እኛ መንግሥት ነን። መንግሥት ወንፈል የለውም።"

"መንግሥት መቼ አጨደልኝ? ያጨድክልኝ አንተ ነህ። መንግሥት ቢያጭድ ኖሮ አየው ነበር።"

"ወደ ቤትህ!"

ደስታው ወደ ቤቱ በመሄድ ፈንታ ምሽጉ መግቢያ ላይ ተቀመጠ። ወታደሮቹ ሲገቡም ሲወጡም እሱን እየተሻገሩ ዋሉ። ቀትር ላይ ሃምሳ አለቃው ራሱ ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ አደናቀፈውና በግንባሩ ሊተከል ለጥቂት ተረፈ።

"በቃ!" አለ አቧራውን እያራገፈ። "ነገ ከደባልቄ ጀምር!"

ደባልቄ ወጥ ሠሪው ነው። ደስታው ደግሞ ከተወለደ እሳት ላይ የጣደው ነገር ቢኖር ጎማ ጫማው ብቻ ነው፤ እሱንም ሊያደርቅ ብሎ አቃጠለው። የደባልቄን ቀን ሊመልስ ምስር ጣደ፤ ጨውን እንደ ዘር በእፍኙ እየዘገነ በተነበት። ወታደሮቹ በየጉርሻው ውኃ እየጠጡ በሉ። ከመሃከላቸው አንዱ፣ በዚህ ቀበሌ ካየሁት አደጋ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው አለ። ደባልቄ ግን በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ሙሉ ተኝቶ ውሎ፣ ተነሥቶ እየተንጠራራ ወንፈልን አመሰገነ።

ቀጥሎ የሬድዮ መገናኛው ጫኔ ነበር። ጫኔ ሬድዮውን እንዴት እንደሚይዝ አሳየው፤ የበላይ ሲጠራ "ሁሉም ሰላም ነው" ብቻ በል አለው። የበላይ ጠራ።

"እንደምን አደራችሁ?" አለ ደስታው። "ደኅና ናችሁ? ልጆች ደኅና ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት ነው በናንተ በኩል?"

"ማን ልበል?" አለ ከወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ።

"ደስታው ነኝ። ዛሬ በጫኔ ቀን ነው ያለሁት። ከብቱ ደኅና ነው ወይ አልኩ እኮ።"

ጫኔ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ድምፁ ግን፣ "አንዲት ጊደር እግሯን ታማለች ብለው ከቤት ደውለውልኛል" አለ ቀስ ብሎ። ደስታው የጊደሯን እግር በምን እንደሚያሹት ሩብ ሰዓት አስረዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበላይ ሲደውል፣ ሪፖርቱን ከሰማ በኋላ፣ "ሰውዬው አሉ?" ይል ጀመር።

ከአለቃውና ከእዩኤል በቀር የቀሩትን አራቱን በአራት ቀን መለሰላቸው። ለአንደኛው ምሽግ ቆፈረ፤ ቁፋሮውን እንደ ትልም ቀጥ አድርጎ አወጣውና ሃምሳ አለቃው ምሽግ መጠማዘዝ አለበት ብሎ ደፍኖ እንደገና አስቆፈረው። ለሁለተኛው ውኃ ቀዳ፣ ለሦስተኛው እንጨት ፈለጠ። ለአራተኛው በማጭድ ዘብ ቆመ፤ በዚያም ቀን "ቁም! ማነህ?" ብሎ የያዘው የዋኘውን አውራ ዶሮ ነው።

እዩኤል ግን በየጧቱ ይጠይቃል። "ጋሼ፣ የኔስ?"

"ያንተ ግማሽ ቀን ነው" ይላል ደስታው። "ሌላውን ግማሽ ለወፍ ነው የሠራኸው። እሱን ከወፎቹ ተቀበል።"

"ፀሐይዋ እኔን ግማሽ ቀን አይደለም የመታችኝ! ሙሉ ቀን ነው!"

"ግማሽ።"

"ሙሉ!"

ጭቅጭቁ ጥሟቸው ነበር። ደስታውም ሆን ብሎ እዩኤልን ወደ መጨረሻ ገፋው፤ ያ ቀን ካለቀ ጉብታው ላይ የሚወጣበት ምክንያት አይኖረውም።

ሰባተኛው ቀን የሃምሳ አለቃ ምስጋና ነበር። የአለቃ ሥራ ማዘዝ ነው፤ ስለዚህ ደስታው ማዘዝ አለበት። ሃምሳ አለቃው አሻፈረኝ ቢልም፣ ስድስት ቀን የደስታውን ሥራ እየሣቁ ያዩት ልጆች አፋጠጡት። ደስታው ስምንቱን ደርድሮ ፊታቸው ቆመ። ምን እንደሚታዘዝ አላወቀም። ቁልቁል ሲያይ ካልሲያቸውን አየ።

"ልብስ እጠቡ" አለ። "ሁላችሁም። የለበሳችሁትንም ጨምሮ።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ምሽጉ ዙሪያውን ሱሪ፣ ሸሚዝና ካልሲ ተሰጥቶበት፣ ስምንቱ በቁምጣ ፀሐይ ሲሞቁ አንድ መኪና ከታች እየጓራ ወጣ። ከመኪናው ኮሎኔል ወረደ። ዙሪያውን አየ።

"አለቃው ማነው?"

ሁሉም ወደ ደስታው ዞሩ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አለ ደስታው። "እስከ ጀንበር መጥለቂያ።"

ኮሎኔሉ ወደ ሃምሳ አለቃ ምስጋና ዞረ። ሃምሳ አለቃው በቁምጣው ተጠንቀቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። "አንተስ?"

"እኔ... ወንፈል እየተመለሰልኝ ነው ጌታዬ።"

ደስታው ነገሩን ከሥሩ አስረዳ፤ ሰሊጡን፣ እይታውን፣ ዱባውን፣ ጸሐይ ደቦ ነው ብላ መከራከሯን ሳይቀር። ኮሎኔሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማ። ልጆቹ ነገ ሁላችንም እስር ቤት ነን ብለው ላብ አጠመቃቸው።

"ጠላ ነበረ?" አለ ኮሎኔሉ።

"አልነበረም ጌታዬ።"

"እንግዲያው ወንፈል ነው" ሲል ፈረደ።

ሁሉም ሣቁ። ኮሎኔሉ ግን አብሮ አልሣቀም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ለሃምሳ አለቃው ሰጠና፣ ሰሜን ላይ ጦርነት መነሣቱን፣ ነገ ንጋት ላይ ኦራል መኪና መጥቶ እንደሚወስዳቸው ነገራቸው። ሣቁ በየአፉ ላይ ቀረ። ደባልቄ የተሰጣ ሸሚዝ አንሥቶ መልሶ ሰጣው።

"ልብሳቸው እኮ አልደረቀም" አለ ደስታው።

ንጋት ላይ እርጥብ ልብሳቸውን ለብሰው ተሳፈሩ። ጸሐይ ያላትን ዱባ ሁሉ ቀቅላ በጆንያ ወረወረችላቸው። ደስታው መኪናው አጠገብ ወዲያና ወዲህ አለ፤ የእዩኤልን ቀን ዛሬ እመልሳለሁ ብሎ ማጭዱን ይዞ ነበር የመጣው። ኦራሉ ሲንቀሳቀስ እዩኤል ከላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ።

"ጋሼ ደስታው! አንድ ቀን አለብህ! ባምባሲ፣ አምባ ዘጠኝ፣ እናቴ የዝና ትባላለች! ሙሉ ቀን!"

ደስታውም ከአቧራው ውስጥ እጁን አውለብልቦ መለሰ። "ግማሽ!"

ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ረገማት። ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ ሰሊጡን አራግፎ፣ እሱም እንደ ሌላው ከጸሐይ ጋር ቻግኒ ወጣ። መጠለያ ድንኳን ውስጥ ከዋኘው ጋር ጎን ለጎን ኖረ። አውራ ዶሮውን ይዞለት ስለወጣ ዋኘው አቅፎ ሳመው፤ ደስታውን ሳይሆን ዶሮውን። ከሰሜን ወሬ በመጣ ቁጥር ደስታው ሬድዮ አጠገብ ሄዶ ይቀመጣል። ሬድዮው ስለ ሺዎች ያወራል፤ ስለ ስምንቱ የሚያወራ የለም። ሰው ለማን ነው የምትጨነቀው ሲለው፣ "አንድ ቀን ያለብኝ ሰው አለ" ይላል። አንድ ቃል ነበር እኮ። ሙሉ ቢለው ምን ነበረበት?

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጥቅምት ሰላም ተፈረመ ተባለ። ደስታው ወደ መንደሩ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ በማንኩሽ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባምባሲ ተነሣ። በየኬላው አስወረዱት።

"ማጭዱ ለምንድን ነው?"

"ወንፈል ልመልስ።"

"የማን?"

"የወታደር።"

ከዚያ ሰሊጡን፣ ዱባውን፣ ጠላ አለመኖሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ ይተርካል፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። በሦስተኛው ኬላ ላይ ተሳፋሪዎቹ አብረው ይተርኩለት ነበር። ሸርቆሌ ሲደርስ ፈታሹ ገና ማጭዱን ሲያይ፣ "ጠላ ያልነበረበት አንተ ነህ?" አለው፤ ወሬው በስልክ ቀድሞታል።

የወይዘሮ የዝና ቤት አምባ ዘጠኝ ውስጥ ከማሽላ ማሳ ጥግ ነው። ከወሎ በሠፈራ የመጡ ሰዎች መንደር ነው፤ ከመጡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ አነጋገራቸው ግን ትናንት ከወሎ የወረዱ ይመስላል።

"ይግቡ፣ አያ! ኸየት ነው የመጡት?" አለች፤ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ በርጩማ አቀረበች።

"ከቡለን። ደስታው እባላለሁ። ልጅሽ እዩኤል አንድ ቀን ሰሊጥ አጭዶልኝ ነበር፤ ቀኑን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

የዝና ቆመች። በዓይኗ የመጣበትን መንገድ አየች፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሌላ ሰው አብሮት እንደሌለ ስታውቅ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ልጇ በመጨረሻ የደወለው ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። መጣ የሚልም፣ ሞተ የሚልም የለም።

"ሥራ ይችል ነበር?" አለች።

ደስታው ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም። "ወይዘሮ የዝና፣ እንደሱ ያለ አጫጅ ዓይቼ አላውቅም። ሰሊጡን ዘቅዝቆ ተሸክሞ ወፍ ሲቀልብ ዋለ። ዶሮ ሳይቀር አስከትሎ።"

የዝና መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሣቋ አሸነፋት፤ ጉልበቷን እየመታች ሣቀች፤ "ኧረ የኔ ልጅ! ኧረ የኔ እርጉም!" እያለች ሣቀች፤ መሃል ላይ ዕንባዋ መጣ፣ ሣቁም ዕንባውም አብረው ወረዱ። ደስታውም የሚያደርገው ቢጠፋው አብሮ አለቀሰ።

"ግማሽ ቀን ነው ብዬው ነበር" አለ። "ሙሉ ነው። ሙሉ ቀን ነው ያለብኝ።"

ሲረጋጉ ማጭዱን ከጆንያው አውጥቶ ተነሣ። ማሽላው አንገቱን ደፍቶ አጫጅ እየጠበቀ ነው፤ የዝና ብቻዋን ያጨደችው ከሦስት ትልም አልዘለለም። ደስታው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ክንዱን ያዘችው።

"አይሆንም፣ አያ ደስታው።"

"ማሽላሽ እኮ ደርሷል።"

"ይድረስ። ጎረቤት አለኝ፣ እናጭደዋለን። የርስዎን ቀን ግን አልቀበልም።"

"የልጅሽ ቀን ነው። እናቱ ነሽ፤ ላንቺ ካልመለስኩ ለማን..."

"በኛ አገር" አለች የዝና ቃሉን እየረገጠች፣ "ለእናት የሚመለሰው የሞተ ሰው ቀን ነው።"

ደስታው ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። በነሱም አገር እንደዚያው ነው። በመንገዱ ሁሉ፣ በኬላው ሁሉ ያን ያህል ሲለፈልፍ ይህን እንዴት እንዳላሰበው ገረመው፤ አፈረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቀን አልበላም ብሎ የተሸከመውን ነገር እዚህ አራግፎ ቀልሎት ሊሄድ ነበር። ቀልሎት ቢሄድ፣ የሚከብደው እሷ ላይ ነው።

"እዩኤል አንድ ቀን አለው" አለች። "ሥራ ባይወድም ያለውን አይተውም፤ መጥቶ ራሱ ይቀበልዎታል። ርስዎ ብቻ አለብኝ ይበሉኝ።"

ደስታው ከንፈሩን ነከሰ። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ይህን ቃል ብሎ ከሰው ቤት ወጥቶ አያውቅም።

"አለብኝ" አለ።

"ሙሉ ቀን?"

"ሙሉ ቀን።"

የዝና ዓይኗን ጠረገችና ማጭዱን ከእጁ ወስዳ ራሷ በጆንያው ጠቀለለችለት። ከዚያ ምሳ ሳይበላ እንደማይሄድ ነግራው ወደ ጓዳ ገባች።